የቤታችን ቋንቋ በተከለከለ ጊዜ

ወልቂጤ ከገበያው ጀርባ ባለው ወፍጮ ቤት በርበሬ ሲፈጭ በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ያስነጥሰዋል። ባለባጃጆቹ ሳይቀሩ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አፍንጫቸው ላይ ጎትተው ነው የሚያልፉት። ባለፈው ሰሞን የልጄን ልጅ ቤዛን አስከትዬ እዚያ ወረፋ ስጠብቅ ነጠላዬን በአፍና በአፍንጫዬ ላይ አዞርኩ፤ የእሷንም በሻሽ ሸፈንኩላት። ዓይኗ ብቻ ቀረ። ቀና ብላ አየችኝና ከጨርቁ ሥር፣ «እማማ፣ አሁን ማን እንደሆንኩ አይታወቅም አይደል?» አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከግቢያችን ውጭ ሰው ባለበት ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። «አዎ፣ አይታወቅም» አልኳት፣ የደነገጥኩ እንዳይመስልብኝ ወደ ጆንያዬ እያየሁ። ከዚያ ወዲያ ወፍጮው ቢያጓራም እኔ የማስበው ሌላ ከተማና ሌላ ዘመን ነበር።

ቤዛ ቤት ውስጥ ወሬኛ ነበረች። «ነበረች» የምለው ወድጄ አይደለም። ስለ ድመቷ፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ እናቷ ስለገዛችላት ካልሲ ስታወራ ምሳዋ ይቀዘቅዝ ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ጀምሮ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ አፏን ከፍታ አታውቅም። ሲጠሯት አቤት አትልም፣ ሲዘፍኑ አትዘፍንም፣ ወድቃ ጉልበቷ ቢላጥ እንኳ ድምፅ አውጥታ አታለቅስም። ልጄ ሰላማዊት ሐኪም ዘንድ ስትወስዳት አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ጆሮዋን አየ፣ ጉሮሮዋን አየ፣ ቤት ውስጥ ስታወራ ሰላማዊት በስልኳ የቀዳችውን አዳመጠና አንድ ረጅም የፈረንጅ ስም ጠርቶ እንዲህ አለን። «እምቢ ብላ አይደለም፤ ቃሉም አላት። ፍርሃቱ ነው ጉሮሮዋን የሚዘጋባት። ተናገሪ እያላችሁ ባስጨነቃችኋት ቁጥር ይብስባታል። ከምትናገርበት ቦታና ከምታወራው ሰው ተነሥታችሁ ቀስ እያላችሁ አንድ አንድ ሰው ጨምሩላት።» ተነሥቼ ግንባሩን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስም ያልነበረው ነገር ለካ ስም አለው።

ሰላማዊት ግን ከክሊኒኩ ስንወጣ፣ «እሱ እንዲህ ይላል፣ አንደኛ ክፍል የሚያስገባልኝ እሱ አይደለም» አለች። ርእሰ መምህሯ፣ ልጆቹ ሚስ ሐረግ የሚሏት፣ አስቀድማ ነግራታለች። ቤዛ የምታፍረው እንግሊዝኛ ስለሚከብዳት ነው፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቃለ መጠይቅ ይደረግላታል፤ ካልመለሰች መዋዕለ ሕፃናቱን ትደግማለች። ሰላማዊት ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፣ ባሏ አዲስ አበባ ነው፣ ልጅ ደገመች መባል ደግሞ በእሷ ዘንድ እንደ ቤት መቃጠል ነው። በነጋታው ማቀዝቀዣው ላይ «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በቤታችን አማርኛ ቀረ። ቤዛ ውኃ ስትል «ዎተር፣ ፕሊስ» ካላለች አይሰጣትም። «እኔስ በምን ላውራት?» ብላት፣ «ለጊዜው ነው እማዬ፣ አንቺም ትንሽ ትንሽ ትለምጂዋለሽ» አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ቤዛ ሳሎን ውስጥ ማውራት ተወች። የድመቷን ነገር የምትነግረኝ መታጠቢያ ቤት ገብተን በሩን ስንዘጋ ብቻ ሆነ፤ እሱም በሹክሹክታ።

እኔ አስካለ ወልቂጤ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ዋጋ ቀንሺ ያለችኝን ሴት ሳልቀንስላት አስቄ የምሸኝ ሰው ነኝ። ታዲያ ቡታጅራ ተማሪ ቤት ውስጥ ከዓመት በላይ አንዲት ቃል በድምፅ ከአፌ አልወጣችም ብላቸው የገበያው ሰው ይስቅብኛል። ለሰላማዊትም ነግሬያት አላውቅም ነበር። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ያኔ ቡታጅራ እንዳሁኑ ፎቅ አልነበረባትም። ዋናው መንገድ አቧራ ነበር፤ በጋሪና በአህያ የሚሞላ፣ ከእንሴኖ የመጣ አውቶቡስ ከሩቅ ጥሩምባውን ሲነፋ ልጆች ሁሉ የምንሮጥበት። ከመንገዱ ማዶ ዘቢዳር ተራራ ይታያል፤ ማለዳ ጉም ሲለብስ አባቴ፣ «ዛሬ በርበሬ አይደርቅም» ይል ነበር። ዳቦ በአምስት ሳንቲም፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ሽልንግ የያዘ ልጅ ደግሞ ጌታ ነው። መንገዱ ጥግ ላይ አንድ የልብስ ሰፊ ነበር፤ ሬዲዮኑን በረንዳው ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ያሰማል፤ ስለ ፍቅር የሚዘፈነውን ሁሉ ትርጉሙን ሳላውቅ በቃሌ ይዤው ነበር። የተማሪ ልብሴን የሰፋልኝ እሱ ነው። ካኪ ቀሚስ ነው፤ እንድታድግበት ተብሎ እጅጌው ጣቶቼን ውጦ ይቀራል። ከሥሩ ቢጫ ሸራ ጫማ አደርጋለሁ። በዚያ ጫማ የኮራሁትን ያህል በሰርጌ ቀን እንኳ አልኮራሁም።

አባቴ አቶ ወልዴ በርበሬ ነጋዴ ነበር። ከመስቃን ገበሬዎች እየገዛ፣ በጆንያ ጠቅጥቆ መርካቶ ያወርዳል። እናቴ ብዙነሽ ከገጠር የመጣች፣ የቤታችንን ጉራጊኛ እንጂ ሌላ የማትችል ሴት ነበረች፤ አማርኛዋ «ስንት ነው»፣ «ቀንስ»፣ «ውሰደው» ላይ ያበቃል። እኔ ግን ሁለቱንም እችል ነበር። አማርኛን ከልብስ ሰፊው ሬዲዮና ከመንገድ ልጆች ለቅሜዋለሁ። ይህን ልብ አድርጉልኝ፤ ያን ጊዜ ልብ ያለው ሰው አልነበረምና።

ተማሪ ቤት የገባሁ ቀን መምህሩ፣ ከሰሜን የመጣ፣ ቴትሮን ሱሪውን እንደ ምላጭ ያስተኮሰ ጎልማሳ፣ ስም ይጠራ ጀመር። «አስካለ ወልዴ» ሲል የክፍሉ ልጆች ዘወር ብለው አዩኝ። «አቤት» ማለት ምን ይከብዳል? ቃሉ አለ፤ ምላሴ ሥር ተቀምጧል። ግን ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተነሥቶ ጉሮሮዬን ጥርቅም አደረገው። እየሰማሁ፣ እያየሁ፣ ልውጣ እያልኩ፣ ከራሴ ውስጥ መውጫ አጣሁ። መምህሩ ደግሞ ጠራኝ። ልጆቹ ሳቁ። በነጋታው ፍርሃቱ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀኝ፤ በሦስተኛው ቀን የእኔ ስም «ዲዳዋ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለመናገር ብፈልግ እንኳ ዲዳዋ ተናገረች ተብሎ የሚነሣውን ጫጫታ ሳስበው ይብስ ይዘጋብኛል። ሰው ዝም ያለ ልጅ ልቡም ዝም ያለ ይመስለዋል። የኔ ልብ ግን ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ሽንት ቤት ነበር። ለመውጣት እጅ አውጥቶ «ቲቸር ልውጣ» ማለት ግድ ነው። እጄን አወጣለሁ፤ መምህሩ «ምን ፈለግሽ?» ይላል፤ እኔ እንደ እንጨት እቆማለሁ፤ «እንግዲያው ተቀመጪ» ይላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንድናገር ብሎ ነው። አንድ ቀን ተቀምጬ ሳለሁ ሞቅ ያለው ነገር በካኪዬ ወርዶ ቢጫው ጫማዬ ውስጥ ገባ። አጠገቤ የምትቀመጠው ራሕማ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ አየችና ደብተሯን ወለሉ ላይ ጥላ ለማንሳት በማስመሰል በሻርፗ ጠራረገችው። ዛሬም ድረስ ስለዚያ ሻርፕ ሳስብ እንባዬ ይመጣል።

መምህሩ በመጨረሻ አባቴን አስጠራው። ማታ አባቴ እራት ላይ ተቀምጦ የተባለውን ነገረን። «ልጅቷ አማርኛ ስለማታውቅ ነው ብሏል። ቤት ውስጥ አማርኛ ካልተነገረ አትድንም ብሏል።» ከዚያ ጣቱን ቀስሮ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት በአማርኛ ካልሆነ አልሰማም» አለ። አባቴ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። መርካቶ በርበሬውን ሲያራግፍ በአነጋገሩ ይስቁበት ነበር፤ እየሳቁም ዋጋውን ይሰብሩበት ነበር። ልጁ እንዳይሳቅባት ፈልጎ ነው። እኔ ደግሞ አማርኛ አውቃለሁ ብዬ የምነግርበት መንገድ አልነበረም፤ አባቴም እንደ መምህሩ ዓይኑን አፌ ላይ ተክሎ መጠበቅ ጀምሯላ። ቤታችን ሌላ ክፍል ሆነ። ጉሮሮዬ በቤቴም ተዘጋ።

እኔስ ልጅ ነኝ፤ የምታሳዝነው እናቴ ነበረች። ጎመኑ ጨው አነሰው ለማለት እንኳ ቋንቋዋ ታገደባት። ወጥ ታቀርባለች፣ እጅ ታስታጥባለች፣ ትቀመጣለች። አንድ ሁለቴ በቋንቋችን ስትጀምር አባቴ ያልሰማ መስሎ ግድግዳውን አየ። ተወችው። ከዚያ ወዲህ በእራት ሰዓት የሚያወራው አባቴ ብቻ ሆነ። የዜና አንባቢ የመሰለ ደረቅ አማርኛ ያወራል፤ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያ ይደክመውና ይተኛል። ሦስታችንም አንድ ጣሪያ ሥር ተዘግቶብን ነበር፤ ቁልፉ ያለው ግን ማን ጋ እንደሆነ አናውቅም።

አንድ ቦታ ቀረልን፤ ጓሮው። ከቤቱ በስተኋላ እናቴ የተከለችው እንሰት ነበር፤ ቅጠሉ ተደራርቦ ሰው ቢቆም የማይታይበት። አባቴ ሱቅ ሲሄድ እናቴ እጄን ይዛ እዚያ ታስገባኛለች። እግራችንን ዘርግተን እንቀመጥና በቋንቋችን በዝግታ እናወራለን። አንድ ቀን በዚያው በቋንቋችን፣ «ልጄ፣ እኔንም እኮ ተማሪ ቤት አስገቡኝ» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። እኔም ከድንጋጤዬ ብዛት አቀፍኳት። ሳል ስንሰማ ደግሞ ሁለታችንም አፋችንን እንይዛለን፤ በገዛ ጓሯችን እንደ ሌባ።

ያወጣን ምክር ወይም ሐኪም አይደለም፤ በርበሬ ነው። መኸር ገብቶ የዛላ በርበሬው ጆንያ በግቢያችን ሲራገፍ የሰፈሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ለቅንጠሳ ይመጣሉ። ክምሩን ከበው ተቀምጠው የእያንዳንዱን ዛላ እንብርት ይቀነጥሳሉ፣ የበሰበሰውን ይለያሉ። አቧራው ሳንባ ስለሚያቃጥል ሁሉም አፍና አፍንጫውን በሻሽ፣ በነጠላ፣ በቡትቶም ቢሆን ይሸፍናል። ዓይን ሁሉ እጅ ላይ ነው፤ ቀና ያለ ሰው ዛላ ያመልጠዋል። ወሬ ይወራል፤ ማን እንደተናገረ ግን አፍ ስለማይታይ ሰው አያጣራም። በዚያ ላይ ማስነጠሱ አለ፤ አንዷ ስትጀምር ግቢው ሁሉ ይቀባበለዋል።

ራሕማም ከእናቷ ጋር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ቆየን። አንድ ዛላ አንሥታ እያገላበጠች፣ «ይቺ ደህና ናት ወይስ በስብሳለች?» አለች፤ ለማንም አይደለም፤ ለዛላዋ ነው የምትናገር የሚመስለው። እኔም ሳላስበው ከነጠላው ሥር፣ «ጣያት» አልኳት። በአማርኛ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ፤ አሁን ትጮኻለች፣ አሁን ዲዳዋ ተናገረች ትላለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ራሕማ ዛላዋን ጣለቻትና ሌላ አነሣች። «ይቺስ?» አለችኝ። ይኸው ነው የሆነው። እኔን ያዳነኝ ያ አለመጮኋ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ እንደ ተአምር አይነገርም። ቅንጠሳው እስኪያልቅ ከራሕማ ጋር በሻሽ ሥር አወራን፤ ከዚያ ያለ ሻሽ ጓሮ ውስጥ፤ ከዚያ ተማሪ ቤት ስንሄድ በመንገድ፤ አጥሩ ጋ ስንደርስ ይዘጋብኛል። ቆይቶ ክፍል ውስጥ ጆሮዋ ላይ ማንሾካሾክ ቻልኩ፤ እሷም ተነሥታ «ቲቸር፣ አስካለ ልውጣ ትላለች» ትለዋለች፤ እሱም ይተወኛል። «አቤት» ለማለት የበቃሁት በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ሌላ መምህር መጥቶ፣ ዲዳነቴን ሳይሰማ ስም ሲጠራ። የአባቴ ሕግ ደግሞ ያን የበርበሬ ሰሞን ተረሳ። ሴቶቹን በአማርኛ ማሠራት አቃተውና በቋንቋችን ሲጮህ ዋለ። ሻርኩት አላለም፤ አባቴ ሻርኩት ብሎ የሻረው ነገር በሕይወቱ የለም። እናቴ ግን ወደ ቀድሞ አነጋገሯ አልተመለሰችም። አባቴ እስኪሞት ድረስ በእሱ ፊት ከንፈሯን ስታነቃንቅ አስቀድማ ፊቱን ታይ ነበር። በቀብሩ ቀን እንኳ ስታለቅስ ድምፅ አልወጣትም። እኔ ይህን ነው የማልረሳው።

እንግዲህ ከወፍጮ ቤት የተመለስን ማታ ሰላማዊትን ሳሎን አስቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ በአማርኛ፣ ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ፊት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አዝናለሁ እማዬ፤ ግን ያ ድሮ ነው። ያኔ አያቶቼ አልተማሩም። ሚስ ሐረግ እኮ ተምራለች» አለች። «ሐኪሙስ አልተማረም?» አልኳት። «እሱ ልጅ ያስተምራል እንዴ?» ብላ ተነሥታ ወጣች። ቢሆንም ለቃለ መጠይቁ ስንሄድ አብሬ እንድገባና የማስበውን ለሚስ ሐረግ ራሴ እንድነግራት ተስማማች። ሌሊቱን የምናገረውን አሰናዳሁ። ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷን አታስገድዷት፣ ቤታችንን አትዝጉባት።

የቃለ መጠይቁ ቢሮ ጠባብ ነው። ጠረጴዛ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ በግድግዳው ላይ የፈረንጅ ፊደል። ሚስ ሐረግ ፊቷ ፈገግታ የማይለየው ሴት ናት፤ ቤዛን እጇን ይዛ ጠረጴዛው ፊት አቆመቻት። «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» አለቻት። ቤዛ ጫማዋን ታያለች። «ሃው ኦልድ አር ዩ?» ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ እጆቿ ቀሚሷ ላይ ደረቁ። ሰላማዊት፣ «ቤዝዬ፣ ታውቂዋለሽ እኮ የኔ እናት» ትላታለች። ሚስ ሐረግ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ የሚነግሩን ነገር አለ ብላኛለች ሰላማዊት። ይንገሩን፣ እየሰማንዎት ነው።»

ሁሉም ወደ አፌ አዩ። አፌን ከፈትኩ። ያሰናዳሁት ሁሉ አለ፤ አንዱም አልጠፋኝም። ግን ከደረቴ ያ ነገር ተነሣና ጉሮሮዬን ጥርቅም አደረገው። ልጅ የወለድኩ፣ ባል የቀበርኩ፣ ገበያ ሙሉ ሰው ስከራከር የኖርኩ ሴት፣ አንዲት «እ» ማለት አቃተኝ። «እማማ፣ ደህና ነዎት? ምነው ዝም አሉ?» አለች ሚስ ሐረግ፤ ባለችኝ ቁጥር ይብስ ጠበቀብኝ። ያን ጊዜ ቤዛ ከጫማዋ ላይ ቀና አለች። ፊቴን አየችው፤ ደህና አድርጋ አየችው። ሳይነግሯት ከጠረጴዛው ፊት ለቅቃ መጣች፣ ጉልበቴ ላይ ወጣች፣ አፏን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ የሆነ ነገር አለችኝ።

ሚስ ሐረግ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ተናገረች እኮ። ምን አልሽ ቤዛ? ለሚስም ንገሪያት እስቲ» አለች፤ በደስታ ነው። ቤዛ ወዲያው አንገቴ ሥር ተወሸቀች። ሰላማዊት ግን የምታየው ቤዛን አልነበረም፤ እኔን ነበር። እናቷ ዝም ስትል አይታ አታውቅማ። ተነሥታ በእኔና በጠረጴዛው መካከል ቆመችና፣ «ሚስ፣ እባክሽ ተቀመጪ። ሁለቱንም አትጠይቂያቸው» አለች። «ካልሆነ ዓመቱን ትድገም። ቤታችን ውስጥ ግን ከዛሬ ጀምሮ በፈለገችው ቋንቋ ነው የምታወራው።» ሚስ ሐረግ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

ባጃጅ ይዘን ተመለስን፤ ቤዛን መሀላችን አስቀመጥናት። ግማሽ መንገድ ላይ ድምፄ ተመለሰልኝ። ሰላማዊት በቤዛ ራስ ላይ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ምን ነበር ያለችሽ?» አለችኝ። «‹አይዞሽ እማማ፣ እኔንም እንደዚህ ነው የሚያደርገኝ› አለችኝ» አልኳት። ሰላማዊት ልጇን ወደ ደረቷ ጎትታ አቀፈቻት። ቤት እስክንደርስ ድረስ ማንም ማንንም ተናገሪ አላለም።